የሚደነግጠው ጉልበት

ወጣቷ ሐኪም ሁለተኛ መርፌ አልይዝም ብላ ማለች። አንዲት ትንሽ ልጅ ጉልበቷ አብጦ መጥታ፣ ውስጡ የተጠራቀመውን ውሃ ልትቀዳላት መርፌ ብታስገባ አጥንት መታች። የልጅቷ ጩኸት ኮሪደሩን አናወጠው። እናትየዋም ልጇን አቅፋ «ይቺ ሴትዮ ዳግመኛ እንዳትነካብኝ» ብላ ወጣች። ምን ታድርግ፣ እናት ናት።

የሚያንገበግበው፣ ወጣቷ በመለማመጃው የፕላስቲክ ጉልበት ላይ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። ያንን ጉልበት የሠሩት አለቃዋ ናቸው፤ ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «የጉልበት እናት» የሚሏቸው የሕፃናት መገጣጠሚያ ሐኪም። ቢሯቸውን ያየ ሰው አሻንጉሊት ጠጋኝ ቤት የገባ ይመስለዋል፤ የፕላስቲክ አጥንት፣ የሲሊኮን ቆዳ፣ ቢጫ ውሃ የተሞላ ፊኛ፣ ማጣበቂያ የጠጣ ጋዋን።

ወጣቷ ልትሰናበት ገባች። አለቃዋ ግን ሞዴሉን እያገላበጡ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሏት። «ይሄ ጉልበት ዋሽቶሻል።»

የፈራ ልጅ ጭኑን ያጠብቃል። ያን ጊዜ የጉልበቱ ሎሚ፣ ያቺ ከፊት ያለችው ክብ አጥንት፣ ድርቅ ትልና መርፌ መግቢያ ያጣል። የሳቸው ሞዴል ደግሞ ፍርሃት የሚባል አያውቅም፤ እንደ ጨዋ እንግዳ የመጣለትን መርፌ ይቀበላል። ዓመታት የለፉበትን ሥራ እዚያው በቢላ ቀደዱት። ተማሪ ሲሳሳት የሚቆጣ አስተማሪ ሞልቷል፤ የገዛ ሥራውን የሚቀድ ግን ወጣቷ አይታ አታውቅም። ስንብቱን ዋጠችው።

አዲሱ ጉልበት ገመድ ገባለት። ሲሳብ ሎሚው ይደርቃል፣ ሲለቀቅ ይላላል። ወጣቷ ዝም ብላ መርፌ ካነሳች አለቃዋ ይስባሉ፤ እጇን አሳርፋ፣ እያጫወተች ከጠበቀች ይለቃሉ። ለፕላስቲክ ወሬ ማውራት መጀመሪያ አሳፈራት። ኋላ ስለ ሌባ ድመቷ ማውራት ለመደች።

ልጅቷ ጉልበቷ ዳግም አብጦ ስትመጣ፣ እናትየዋ «ያቺ ከሆነች እንመለሳለን» አለች። አለቃዋ አልተከራከሩም። ቢሮ አስገብተው ገመዱን አስጨበጧት።

«ልጅሽን ካንቺ በላይ የሚያውቃት የለም። እሷ እንደምትፈራው አድርገሽ ሳቢው።»

እናትየዋ ጨክና ሳበችው። ወጣቷ መርፌውን አላነሳችም። አውራ ጣቷን ሎሚው ላይ አሳርፋ፣ ድመቷ ወተት ሰርቃ ጢሟ ላይ በቀረው ነጭ እንዴት እንደተያዘች ማውራት ጀመረች። ወሬው አልቆ ሌላ ተጀመረ፤ ገመዱ እንደተወጠረ ነው። በመጨረሻ የእናትየዋ እጅ ሳታስበው ላላ።

«እሺ፣ ትሞክር» አለች።

አልጋው ላይ የልጅቷ ጭን እንጨት ሆኖ ነበር። ወጣቷ አወራች፣ ጠበቀች። ሎሚው ከጣቷ ሥር መንቀሳቀስ ሲጀምር አለቃዋን በልቧ መረቀቻቸው። ቢጫው ውሃ ያለ ጩኸት ተቀዳ።

ልጅቷ ባለፈው ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ማን እንደወጋት አላየችም።

«ያችኛዋ ዶክተር በጣም አሳምማኝ ነበር» አለች ፕላስተሯን እየነካካች። «አንቺ ትሻያለሽ።»

ወጣቷ ፊቷ ቀላ፤ እኔው ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። እናትየዋ ቀደመቻት።

«ያችኛዋማ የለችም፣ የኔ እናት። ከእንግዲህ ሐኪምሽ ይቺ ናት።»