የሐሙስ ገንዳ

ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስሠራ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ የገላ ገንዳ ያለው ሰው ኩራተኛ እንጂ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ለደንበኞቼ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ገንዳ ሞልቶ የሚተኛ ሰው የሚዘፈዘፈው በገዛ እድፉ ነው፤ ሻወር ግን እድፉን ይዞ ይሄዳል። ገንዳ ሁለት መቶ ሊትር ጠጥቶ አይጠግብም፣ ሻወር በአርባው ያመሰግናል። ገንዳ የመታጠቢያ ቤቱን እኩሌታ ይዞ እንደ ሰነፍ አማች ይጋደማል። ጠርዙ ይሻግታል፣ ሆዱ ያንሸራትታል።

ይህን ስብከት ከማንም በላይ የሰማችው ሚስቴ ናት። ቤታችንን ስንሠራ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገንዳ። ወለሉ ገና ሴራሚክ ሳይለብስ የት እንደሚቀመጥ በጠመኔ አስምራ አሳየችኝ። እኔም በጫማዬ አሽቼ አጠፋሁት። «ለሰው አይሆንም እያልኩ የኖርኩትን ነገር ራሴ ቤት ባስገባ ምን እባላለሁ?» ብዬ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ሻወር ገጠምኩላት። ጥሩ ሻወር ነው፣ በግፊቱ የሚታማ አይደለም። ችግሩ ከገባች አትወጣም። ውሃ በከንቱ ሲፈስ መስማት ደግሞ እኔን እንደ ጥርስ ያመኛል፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ በሩን እቆረቁራለሁ። «ታንከሩ አለቀ!» እላለሁ፤ ባያልቅም።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የፊት ለፊቱ ክፍል የእሷና የስፌት መኪናዋ ነው። በየሐሙሱ የሰፋችውን ጠቅልላ «ላደርስ ነው» ብላ ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ራሷን በሻሽ ጠምጥማ ትመለሳለች። ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው ሻሽ ለምን ጠመጠምሽ ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ዓርብ ሥራ የሚያገኝልኝ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለቤት ደወለልኝ። የዓይን ሐኪም ነው አለ፣ የገንዳው ውሃ አልወርድ ብሎታል፣ ሂድና እየው። ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ሐኪሙ ራሱ ነው፤ ረጅም፣ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ሚስቱ ከሞተች ብዙ ዓመት የሆነው ለስላሳ ሰው። ገና ሳየው ጠላሁት ብል ውሸት ነው። ውሃ እንኳ በብርጭቆ፣ ከሥሩ ሰሃን አድርጎ ሰጠኝ። የጠላሁት ኋላ ነው።

ከገንዳው ሥር ሲፎኑን፣ ያን ጠማማ የፍሳሽ ቱቦ፣ ፈታሁና ሽቦ ሰደድኩ። ሽቦው የጡጫ ያህል የፀጉር ድብልብል ይዞ ወጣ። ይሄ ለእኔ የዘወትር ሥራ ነው፤ የስንቱን ቤት ፀጉር ጎትቻለሁ። ይሄኛውን ግን የማን ነው ብዬ ሳልጠይቅ እጄ አወቀው። በየወሩ ከራሳችን ሻወር ሥር የማወጣው ፀጉር ነው! ሥሩ ጥቁር፣ ጫፉ አምና ተቀብታ የተወችው የመዳብ ቀለም። መቼም ቀለም የሚቀባ ብዙ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ስል ድብልብሉን ፈታ አደረግሁት። መሐሉ ላይ ብርቱካናማ ክር ተጠምጥሟል። ሚስቴ ያን ወር ለመንገድ ጠራጊዎች ብርቱካናማ ቱታ ስትሰፋ ነበር። ክሩ ቤታችን ያልገባበት የለም፣ ከዳቦዬ ላይ ሳይቀር ለቅሜዋለሁ።

«ገንዳውን የሚጠቀመው ማነው?» አልኩት ሐኪሙን፤ ድምፄን የሥራ ድምፅ ላስመስለው እየታገልኩ።

«እኔስ ሻወር ነኝ» አለ። «አንዲት እንግዳ አለች፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣ።» ይህን እንዳለ ስልኩ ጠራ፤ ወደ ሳሎን ሄደ። ሲያወራ ይስቃል።

ሐሙስ! ደሜ ፈላ። ፀጉሩን በላስቲክ ጠቅልዬ ከፒንሳዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እንዲያም ሆኖ ሲፎኑን አጥቤ፣ አዲስ ጎማ አልብሼ፣ አጥብቄ ነው የገጠምኩት። ሰው ሚስቱን ቢነጠቅም ሥራ ሥራ ነው።

ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና አንጀቴ ነን የምናውቀው። ሌላው ሰው ሴት ሲያባብል ወርቅ ይሰጣል፣ ይሄ ሙቅ ውሃ ሰጠ። እኔ ቧንቧ ሠራተኛው በውሃ ተበለጥኩ! እሷ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰፋ ከበሩ ቆሜ አንገቷን አያለሁ፤ ይሄን አንገት ነው ያ ሰውዬ የሚያየው እላለሁ። መስተዋት ፊት ቆሜ ጢሜን ለካሁት። ደግሞ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቁርስ ላይ ነገር ወረወርኩ።

«ዓይንሽን ያምሻል እንዴ?»

«አያመኝም። ምነው?»

«አይ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ካማረሽ ብዬ ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። «አንተን ነው የሚያምህ» አለችና ሳህኑን አነሳች።

ሐሙስ ደረሰ። ጥቅሏን ይዛ ወጣች፤ እኔም ቦርሳዬን አንግቼ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቄ ተከተልኳት። አንዴም ዞር አላለችም። እርምጃዋ ፈጣን ነው፤ ወደ እኔ ስትመጣ እንዲህ ስትቸኩል አይቻት አላውቅም። የሐኪሙ በር ላይ ደርሳ ሳታንኳኳ ገባች። ሳታንኳኳ! አጥሩን ተደግፌ እስከ መቶ ልቆጥር አስቤ አርባ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። የማመካኝበትን አዘጋጅቻለሁ፤ የሠራሁትን ሥራ ላየው ነው የመጣሁት። ቀጥሎ የማደርገውን ግን አላሰብኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ትልቅ መፍቻ እንዳለ ትዝ ይለኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ትዝ ሲል ጥሩ አይደለም።

በሩን የከፈቱልኝ በከዘራ የቆሙ አሮጊት ናቸው።

«ዶክተሩ አሉ?» አልኩ።

«ልጄ የለም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ኦፕራሲዮን ላይ ነው፣ ሳይመሽ አይመጣም። አንተ ያን ዕለት በመስኮት ያየሁህ፣ ገንዳውን የሠራኸው አይደለህም?»

«ነኝ፣ ሥራዬን ላየው መጣሁ» አልኩ፤ አስገብተው ወንበር አሳዩኝ። ሰውዬው የለም! ሐሙስ የሚባል ቀን ቤቱ ውሎ አያውቅም! ደስታዬ ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ ቆየ። ልክ ስቀመጥ ከመታጠቢያ ቤቱ ዘፈን ሰማሁ። ሚስቴ ናት። ድምፅዋን ለቃ፣ ቃሉ ሲጠፋት በ«ላላ» እየሞላች ትዘፍናለች። ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። መዝፈን መቻሏንም አላውቅም ነበር።

«ሰው አለበት፣ ስትወጣ ታየዋለህ» አሉኝ አሮጊቷ። የሚያጫውቱት ሰው አጥተው የዋሉ ይመስላሉ፤ ጨዋታቸውን ያዙ። «ገንዳውን ልጄ ለእኔ ብሎ ነው ያስገባው። ዳሌዬ ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ ያን ጠርዝ እንዴት ልሻገረው? ባዶውን ተቀምጦ ሳለ ይቺ ልብስ ሰፊ ልትለካኝ መጣች። እጇን ልትታጠብ ገብታ ቀረችብኝ። ብሄድ ገንዳውን እየዳበሰች ቆማለች። አሳዘነችኝ። እሷ ትሰፋልኛለች፣ ሐሙስ ደግሞ የእሷ ነው ተባባልን። ይኸው ሁለት ዓመታችን።»

«ቤቷ ሻወር የላትም?» አልኩ።

«አላት እንጂ። ሻወር የሚቸኩል ሰው ነገር ነው፣ ልጄ። ቆሞ የበላና ተቀምጦ የበላ አንድ ነው? ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ስታጎነብስ ውላ ወገቧ አልቃና ይላታል። ለባሏ ብትነግረው ምን አላት መሰለህ? ‹ሻወር ቁመሽ ታጠቢ፣ ይፍታታልሻል።›»

ብያለሁ። ታንከሩን እየጠገንኩ፣ ጎማ በጥርሴ ነክሼ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት ነው ያልኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ጆሮ ያን ቀን ዘመዴ ሆኖ አንድ ቃል ሳያስቀር አደረሰልኝ።

«ክፉ ሰው ነው ማለት ነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት እንዲያስተባብሉልኝ ነው።

«ኧረ በፍጹም! አመስግናው አትጠግብም። ሠርቶ አደር፣ ከሥራው ቤቱ የሆነ ሰው ነው ትለኛለች። የገንዳው ውሃ አልወርድ ሲለን ‹ባልሽ ቧንቧ ሠራተኛ አይደል፣ ጥሪውና ይሥራልን› ብላት ግን በሁለት እጇ ያዘችኝ። ‹እማማ፣ ይሄን ቤት አይወቅብኝ። ካወቀ ሊጠግነው ይመጣል› አለችኝ።» አሮጊቷ ሳቁ። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳላቸው አዩኝ። «ያንተው ሙያ ነው መቼም። ታውቀው ይሆን?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ድምፄ ቀጭን አይደለም፤ በቧንቧ ጩኸት ላይ ማውራት የለመደ ድምፅ ነው። ዘፈኑ ቆመ። ቆየት ብሎ መድፈኛው ተነቀለና ውሃው መውረድ ጀመረ። ሳይንቦጫረቅ፣ ሳያንቋርር፣ ባንድ ትንፋሽ ወረደ። በዚያ ሰዓት እንኳ ጆሮዬ ሥራዬን መረመረ፤ እንከን አላገኘበትም።

ወጣች። ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ፊቷ ወዝቷል። ወገቧን ቀጥ አድርጋ ነው የምትራመደው፤ ለካ ቁመቷ ከትከሻዬ ያልፋል። አየችኝ። ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ድንጋጤ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንዱም አልመጣም።

«ያልኩሽ ባለሙያ ነው፣ ገንዳውን የሠራልን» አሏት አሮጊቷ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ። በፊት ውሃው እግሬ ሥር እየተኛ ያስቸግረኝ ነበር፣ አሁንማ ወዲያው ነው የሚወርደው። እጅዎ ይባረክ።» ይህን ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ እስከ ዓይኗ የደረሰ፣ ምንም ያልቆጠበችበት ፈገግታ።

«ሚስቴ ናት» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው አብራኝ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ መብቴ ነው። ሐሙስ ግን እዚያው ይሞታል። ዘፈኑም፣ ይሄ ቀጥ ያለ ወገብም ከሐሙስ ጋር ይቀበራል። ቃሉን ዋጥኩት፤ እንደ ድንጋይ ነው የወረደው።

«ምንም አይደል፣ እመቤት» አልኳት። «ለፀጉሩ ማጣሪያ ቢደረግበት ግን ጥሩ ነው።»

«ይደረግበታል» አለችኝ፣ አሁንም ፈገግ እንዳለች። ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ ቅናቴ አብሮኝ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ የቀናሁበት ሐኪም ሚስቴን በወጉ አይቷት እንኳ አያውቅ ይሆናል። አሮጊቷ የሰሙትን እኔ አልሰማሁም ብዬ በአሮጊቷ ቀናሁ፤ በገንዳውም ቀናሁ፣ አላፍርም። ሰፈሬ ስደርስ ግን ሁሉም ረግፎ የምቀናበት አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ያ ቧንቧ ሠራተኛ። ሥራውን በወጉ ሠርቶ፣ አንድም ቃል ሳይሰብክባት፣ «እጅዎ ይባረክ» ተብሎ፣ ያን ፈገግታ ተቀብሎ ሄደ። እኔን እንዲያ ያየችኝ መቼ እንደነበር ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። በዚያ ሰውዬ የቀናሁትን ያህል በማንም ቀንቼ አላውቅም። እሷ ደግሞ ሲመሽ የምትመለሰው እኔ ጋ ነው።