የጎሚስታው በዓላት

አዋሽ ሰባት ላይ ጎማ የሚጠግነው ምስክር አንድ ብልሃት አግኝቷል። ጅቡቲ የሚወርዱት ሾፌሮች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የታቦት ቀን አይቆጥሩም። እና ፀሐዩ ሲከርርበት "ዛሬ በዓል ነው፣ አልሠራም!" ይልና ጥላ ስር ይጋደማል። ማን ያጣራል?

ወሬው ለጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ለጋሽ ካሣ ደረሰ። "ስማ! አንድ መኪና ብትመልስብኝ መፍቻዬን አስረክበህ ወደ ምንጃርህ! እዚያ ከበሬ ጋር ታከብራለህ" አለው። ምስክር ደነገጠ። ከተሜ ሆንኩ ብሎ የተኩራራባቸው እኩዮቹ ፊት ባዶ እጁን እንዴት ይቁም?

ድንጋጤው ግን ከሙቀቱ ጋር ተነነ። ጋሽ ካሣ ዕቃ ሊገዛ መተሃራ እንደሄደ፣ ሁመድ የሚባል የአፋር ሾፌር የጭነት መኪናውን እያንፏቀቀ መጥቶ አቆመ። የኋላ ጎማው ተንፍሷል።

"ተነስ አንተ! ሰመራ እደርሳለሁ።"

"ሁመድ ወንድሜ፣ ዛሬ ማርያም ናት። እጄ ይደርቃል።"

"ወላሂ ባለፈው ሳምንትም ማርያም ብለኸኛል!"

"ያቺ ሌላዋ ናት።"

የጋቢናው በር ተከፈተ። መጀመሪያ መስቀል፣ ቀጥሎ ጥምጣም፣ ከዚያ ሙሉ ቄስ ወረዱ።

"ማርያም ትናንት ነበረች፣ ልጄ። ቀድሼ ነው የመጣሁት" አሉ አባ ኃይለ ልዑል። ነገ ጠዋት ሰመራ ላይ የአንዲት አስተማሪ ሕፃን ሊያጠምቁ ነው የሚሄዱት።

ምስክር መስቀል ተሳለመ እንጂ አላፈረም። "አባቴ፣ ሥራ እኮ እርግማን ነው። አዳም በለሷን ባይበላ እኔ ጎማ እፈታ ነበር?"

"አዳም ገነትን እንዲያበጅ የታዘዘው በለሷን ሳይቀምስ ነው። አንተንም ፈጣሪ ከአፈር ሲያበጅህ እጄ ይቆሽሻል አላለም። በል፣ መፍቻው የታል?"

ነጠላቸውን አጣፉና ብሎኑን ያዙት። የሚያዞሩት ግን ወደ ማጥበቂያው! መኪና ማንሻውን ክሪክም ቀድመው አሸዋ ላይ ተክለውታል። ሁመድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምስክር ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፤ አባ አሁንም ያጠብቃሉ። አላስቻለውም።

"አባቴ፣ መኪናው ይጫንዎታል! ይስጡኝ!"

"እጅህስ? ቢደርቅ?"

"ይስጡኝ አልኩ እኮ!"

ፈታ፣ የውስጥ ጎማውን፣ ከመነዳሪውን፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን አገኘ፣ ለጠፈ፣ ነፋ፣ ገጠመ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሌሎቹን ጎማዎች እየዞረ በመዳፉ ዳበሰ። አንዱ ላይ ሚስማር።

"ተወው፣ እሱ ደህና ነው! እንሂድ!" አለ ሁመድ።

"የት ትሄዳለህ? ገዋኔ ሳትደርስ ይተነፍስና ሕፃኑ ሳይጠመቅ ይውላል።" እሱንም ፈታው።

ጋሽ ካሣ ከባጃጅ ሲወርድ ምስክር እስከ አንገቱ ግራሶ ሆኗል። "ምን ነካው ይሄን?" አለ።

"ጎበዝ ሠራተኛ አለህ" አሉ አባ። "ቅድም የነበረውን ደግሞ እሱ ይንገርህ።"

ምስክር ራሱን አከከ። "ልመልሳቸው ነበር፣ ጋሼ።"

"መለስካቸው?"

"አልመለስኩም።"

"ታዲያ ምን ይገትርሃል? አጥብቀው!"

መኪናው ጥሩንባውን ነፍቶ ወጣ። ምስክር መፍቻውን እንደያዘ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ጎማዎቹን በጆሮው ሸኛቸው።