የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት

አክስቴ እትዬ መነን ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው ከከዷቸው ወዲህ ውሃ የሚጠጡት ከእኔ እጅ ብቻ ነው። ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸውና አልከፋኝም እል ነበር፤ ውሸቴን ነው። ባለቤቴ ቴዎ ጅማ ቤት ተከራይቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እኔ እዚህ መቱ ላይ ትራስ አስተካክላለሁ። የስልክ ትዳር ትዳር ከተባለ ባለትዳር ነኝ።

በስንት ፍለጋ ከዳሪሙ ተጂቱን አገኘን። ባሏ የሞተባት፣ እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች፣ እጇ የረጋ ሴት ናት። እሷ እትዬን ልትይዝ፣ እኔ ሰኞ ወደ ጅማ ልሄድ ተስማማን። እትዬም አላስቸገሩም፤ ስታጎርሳቸው በሉ፣ ስታጥባቸውም ዝም አሉ። ውሃ ሲቀርብላቸው ግን ብርጭቆውን በደህናው እጃቸው ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና አፋቸውን ገጠሙ። ነጭ ነጭ ነገር ይንሳፈፍበታል። መድኃኒት አድርጋብኛለች አሉ። ያለ ውሃ ደግሞ የግፊት ክኒናቸው አይዋጥም።

የጉድጓድ ውሃ መሆኑን፣ ሲፈላ ሲፈላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያው ሥር ላይ የጋገረው ቅርፊት እየተፈረፈረ መሆኑን አስረዳኋቸው። ማን ይሰማኛል! ያንኑ ቅርፊት ከእኔ እጅ ሲጠጡት ከርመዋል። ይህን ልላቸው ዳድቶኝ ምላሴን ነከስኩ።

በነገሩ የተሸማቀቀችው ተጂቱ ናት። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ማንቆርቆሪያውን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ፣ ውሃ አፍልታ ስታቀርብላቸው አገኘኋት። እነሱ አገር የጠጅ ጋን የሚታጠበው እንደዚያ ነው፤ ከኢቢቻ የሚበልጥ ማጽጃ የለም አለችኝ፣ ግራዋውን በኦሮምኛ ስሙ ጠርታ። ለጋን እውነቷን ነው። እትዬ ግን አንድ ጊዜ ፉት ብለው ተፉት። መረረ፤ ይኸው መድኃኒቱ፣ አላልኳችሁም አሉ። ተጂቱ ደንግጣ እንደገና ልታጥበው ማንቆርቆሪያውን ከነገመዱ ውሃ የሞላበት ሳፋ ውስጥ ልትነክረው ስትል እጇን ያዝኩት። ሶኬቱ ገና አልተነቀለም ነበር።

ነቀልኩት። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እትዬ አልጋ አጠገብ፣ ዓይናቸው እያየ፣ በተጂቱ እጅ አሠራሁ። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ሥሩ ውሃ አይንካው፤ ውጪውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ውስጡን በውሃ ብቻ አለቅልቃ እስከ ግማሽ ሞላችው፣ ሎሚ ጨምቃ አፈላችውና ሶኬቱን ነቅላ ተወችው። ጎረቤት በአጥር በኩል በረኪና ብታቀብለን መለስኩላት፤ በረኪና ከሎሚ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ነገር ሳንባ ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ለቆ ወረደ። ደፋችው፤ ንጹህ ውሃ እያፈላች ደጋግማ ደፋችው። ሥሩ እንደ አዲስ አብለጨለጨ።

ተጂቱ ብርጭቆውን ሞልታ አበርዳ ሰጠቻቸው። እትዬ ወደ መስኮቱ አንስተው አገላብጠው አዩት። ምንም የለበትም። ቀመሱና ከነክኒናው ጭልጥ አደረጉት። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ልቤ ጅማ ገባ።

ተጂቱ ሳፋውን ይዛ ስትወጣ እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

«መድኃኒት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ መሲዬ» አሉኝ። «አንቺ ስታጠጪኝስ ያው አልነበረም? ከእንግዲህ ግን ምን ብዬ እንደማስቀርሽ አላውቅም።»

ተናደድኩ። ከልቤ ተናደድኩ። ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ፤ አንድ ቃል ብናገር ብዙ እንደምናገር ስለማውቅ ወደ በሩ ዞርኩ። አልለቀቁኝም። ባላቸው ጉልበት ሁሉ ነው የያዙኝ፤ ክንዴን መንጠቅ ለእኔ ምንም አልነበረም፤ እሱ ነው የከበደኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት ቴዎ ደወለ። ትኬት ቆረጥሽ ወይ አለኝ። ሐሙስ ይሁን አልኩት። የትኛው ሐሙስ ብሎ አልጠየቀኝም።