ባሌ ልጅቷን ሊያስፈራራ ተቀመጠ

የልጅ ልጄ እየሩስ ዩኒቨርሲቲውን አቋርጣ አርባ ምንጭ አንድ ሆቴል ውስጥ ቤዝ ጊታር ልትጫወት መሆኗን የነገረችኝ ለምሳ የሚቀቀል ቦዬ እየላጥኩ ነው። ቢላው ጣቴን አለመውሰዱ ተአምር ነው። ነርስ ልትሆን አንድ ዓመት ሲቀራት!

«ወባው ይገድልሻል» አልኳት።

«አጎበር እይዛለሁ።»

«ሰካራሙስ?»

«እሱንም በአጎበር» ብላ ሳቀች። እዚህ ቤት ፍርሃቴን ለምደውታል፤ ዝናብ እንደሚያካፋ ነው የሚሰሙኝ።

ስለዚህ ባሌን ኢሳይያስን ጓዳ ጠራሁት። በጉብዝናው ወራት ከባንድ ባንድ እየዞረ ቤዝ ሲመታ የኖረ ሰው ነው፤ የዚያን ሥራ መከራ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ከእኔ በቀር። «ክፉ ክፉውን ንገራት» አልኩት። «ሃላሌ ከተማ ላይ የደረሰብህን፣ ሳንባህን የታመምክበትን።»

«አስፈራራታለሁ፣ የትሜ። ለእኔ ተይው።»

ለእሱ ተትቶ የተሳካ ነገር ባላውቅም ተውኩለት።

አጠገቧ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሚኝ ልጄ፣ የባንድ ሥራ መከራ ነው። ሃላሌ ሠርግ ላይ እየተጫወትን ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ከበሮው ይመታል፣ ዘፋኙ ይጮኻል፣ ሳክስፎኑ ይነፋል። ቤዝ ግን መብራት ከሌለ ጣውላ ነው። ጣውላዬን ታቅፌ ቀረሁ።»

«ከዚያስ?»

«ዝናብና ነፋስ ተነሣ። የሙሽራው አጎት አየኝና ‹አንተ ሥራ ፈት፣ ና ድንኳኑን ያዝ!› አለኝ። ሠርጉ እስኪያልቅ ምሰሶ አቅፌ ቆምኩ።»

እየሩስ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ከጓዳ «ሳንባውን ንገራት!» ብዬ ጮኽኩ።

«አዎ፣ ሳንባዬን ታመምኩ» አለ፤ ፊቱ ግን በርቷል። «ጭፈራውን ብታዪው ግን! ምሰሶው በእግራቸው ምት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እዚህ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ምሰሶውን በጣቶቼ መምታት ጀመርኩ…» ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ መራመድ ያዙ።

ኤዲያ! መከራ አውራ ብዬ ባስቀምጠው ማር ያንጠባጥባል። ዲምቱ መንገድ ላይ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ሲገፉ የዋሉበትንም ነገራት፤ እሱም ሳቅ ሆነ። እኔ ያን ቀን ሁለት ሕፃን ይዤ መንገድ መንገዱን ሳይ መዋሌን ግን እሱ አላነሣም።

«አባባ፣ ጊታርህ ታዲያ የት ደረሰ?» አለችው።

«የትኛው ጊታር? የባለሆቴሉ ነበር እንጂ። ባንዱ ሲፈርስ እዚያው ሰቅለሽው ትወጫለሽ።»

«ሁሉም ቦታ?»

«ሁሉም ቦታ። እዚህ ሶዶ ከተማም፣ ሐዋሳም።»

«ቤት ስትመጣ በምን ትለማመድ ነበር?»

«በአያትሽ ክንድ።»

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ከጓዳ ወጣሁ። ልጅቷ ግን አሁን አልሳቀችም። ስልኳን አንሥታ ለባንዱ መሪ ለዘሩባቤል ደወለች። «ዘሩ፣ የምጫወትበት ጊታር የማን ነው? … የሆቴሉ? ስንወጣስ?» ሰውየው ብዙ ለፈለፈ። «በቃ አልመጣም፤ እንደ አባባ ባዶ እጄን አልወጣም። ትምህርቴን ልጨርስ፤ የራሴን ስይዝ እንነጋገራለን።»

ወባ ያላስቆማት፣ ሰካራም ያላስቆማት፣ የእኔ ልመና ያላስቆማት ልጅ! «ተመስገን» ልል አፌን ስከፍት ኢሳይያስ ብድግ አለ።

«የራስሽንማ ምን ያስጠብቅሻል? ጊደሯ አለች አይደል? ለበዓል ገበያ ጥሩ ታወጣለች።»

«የማን ጊደር?» አልኩ።

«የእኛ።»

«የእኔ! እናቷን ያሳደግኩ እኔ፣ ሣር የማጭድላት እኔ!»

«እማማ፣ ረጋ በይ፣ ደም ግፊትሽ ይነሣል» አለች እየሩስ፤ ዓይኗ ግን በመስኮቱ ወደ ጊደሯ ሄዷል።

ይኸው፣ ልጅቷ ትምህርቷ ላይ ናት። ባሌ ግን ጠዋት ጠዋት «ጊደሯን ውሃ ላጠጣ» እያለ ይነሣል። ከተጋባን ወዲህ ከብት ውሃ አጠጥቶ የማያውቅ ሰው! ያጠጣልኝ፤ የጊደሯን ገመድ ግን የምይዘው እኔ ነኝ።