ካምቢዮው ይፈታ፣ አይፈታ

ባሌ፣ ዳኛው ስሙ ነው እንጂ ሹመቱ አይደለም፣ ሸጋዋን በቅሏችንን ለአንድ የአዘዞ ሰው ሰጥቶ የዶሮ ቤት ይዞልኝ መጣ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የዶሮ ቤት ነው። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ጥሏት የሄደ ማኪና ናት፤ አሥር ዓመት ዶሮ ሲያድርባትና ሲፈለፈልባት ኖራ፣ ጎማዋ ተሰነጣጥቆ፣ ወንበሯን አይጥ ዘልዝሎት፣ በጥማድ በሬ እየተጎተተች ደጄ ደረሰች። ከመሪው ሥር አንዲት ዶሮ እንቁላሏን እንደታቀፈች አብራ መጥታለች።

"ይቺ ምርቃት ናት" አለኝ ዳኛው ዶሮዪቱን እያሳየ።

"በቅሎዬስ?"

"በዚህ ዘመን በቅሎ ምን ይሠራል?"

ምን ልበለው? ጨርቄን ልጣል? ዝም አልኩ። ዝም አልኩ ስላችሁ ደግሞ እንዳታምኑኝ፣ እስኪመሽ ስሳደብ ነው የዋልኩት።

ለማደሱ ሥራ ከእስላሞቹ ሰፈር ከአዲስ ዓለም ኸሊልን አመጣ። ኸሊል በጣሊያን ጋራዥ ሥራ የለመደ፣ አንደበቱ ለስላሳ፣ እጁ ዘወትር ዘይት የነካው ሰው ነው። ሞተሯን አውርዶ አጠበ፤ ወንበሯን ኮርቻ ሰፊ በአዲስ ቆዳ ሰፋው፤ ጣራዋ ከአሮጌ ድንኳን ተቆረጠ። ቀለሙን ዳኛው ራሱ ቀባ። የቤተ ክርስቲያን በር ሲቀባ የተረፈ አረንጓዴ ነበርና መንገደኛ አሮጊቶች ቆም እያሉ ይሳለሟት ጀመር። እኔም አንድ ቀን ሳላስበው ተሳልሜያት በንዴት እርር ብያለሁ።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ሴት ልጃችን ለታየች ሲባል ነው። ለማክሰኝቱ ለማሩ ታጭታለች፤ እህል የሚነግድ ሸጋ ልጅ ነው፣ ስሙን አላጠፋም። የማሩ ሽማግሌዎች ቀን ሊቆርጡ የመጡ ዕለት ዳኛው ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው ብድግ አለና፣ "ልጄ ከዚህ ደጅ በዚህች ማኪና ካልሆነ በሌላ በምንም አትወጣም! ብትወጣ የቁስቋሟ እመቤት ትፍረድብኝ!" ብሎ ማለ። በእኛ ዘንድ መሐላ ማፍረስ የለም። ሰርጉም ለቅበላው እሑድ ተቆረጠ። በማግስቱ ጾም ይገባል፤ ያ ቀን ካለፈ እስከ ፋሲካ ድረስ ሰርግ የሚባል ነገር የለም።

እኔስ? እኔ ልጄን መስጠት አልፈለግሁም። ይኸው በግልጽ ተናገርኩት። እኔ ራሴ ከወገራ ተድሬ ስመጣ እናቴን እንደተለየኋት ቀርቻለሁ፤ ዳግመኛ ዓይኗን አላየሁም። ታየች ጓዟን ስታሰናዳ ባየሁ ቁጥር ዳኛውን እሳደባለሁ።

ማኪናዋ አለቀች ተብላ የምትሞከርበት ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዳኛው ነጭ በነጭ ለብሶ ከኸሊል ጎን ተቀመጠ። ሞተሩ ሲያጓራ እልልታው ቀለጠ። ኸሊል ማርሽ አስገባ። ማኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች፤ ከማዶ ያለችውን የጎረቤታችንን የሸዋአየሁን አጥር ጥሳ በበርበሬ ስጧ ላይ ቆመች። ኸሊል በሰው አስገፍቶ መለሳትና ሁለተኛውን ማርሽ አስገባ። አሁንም ወደ ሸዋአየሁ። ሦስተኛውም ወደ ሸዋአየሁ። ሸዋአየሁ ዘነዘናዋን ይዛ ወጥታ፣ "ምነው፣ ምን አድርጌያችሁ ነው?" እያለች ትጮኻለች።

"ካምቢዮው ነው" አለ ኸሊል ከማኪናዋ ወርዶ። "ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያስኬዳት ይህ ከሥር ያለው ባለጥርሱ ዕቃ ነው፣ እትዬ እናኑ። የኋላውን ማርሽ ነክሶ አለቅም ብሏል።"

"ታዲያ አትፈታውም?"

"እፈታዋለሁ። ግን ወላሂ፣ አልዋሽዎትም፣ አንዴ ከተፈታ እስከ ፋሲካ አይገጠምም። የተበላው ጥርስ ተለዋጩ ከአሥመራ ነው የሚመጣ። ደግሞም..." እጁን ኪሱ ከቶ ጥርስ ያላት ትንሽ ብረት አወጣ። "ይቺ ባለፈው ዓመት የአንድ የጭነት ካሚዮን ካምቢዮ ፈትቼ ስገጥም የተረፈችኝ ናት። ካሚዮኑ እስካሁን ይሄዳል። ለምን እንደሚሄድ አላውቅም። እሱን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም።"

ብረቷን እየተቀባበልን አየናት። አባ ወልደኢየሱስ፣ የነፍስ አባታችን፣ ሳይቀሩ ገልበጥ አድርገው አይተው "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው መለሱለት። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ወሬ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ፋሲካ። ካምቢዮው ከተፈታ ማኪና የለም፤ ማኪና ከሌለ በመሐላው ልጄ ከደጄ አትወጣም።

"ፍታው!" አልኩ።

"አይፈታም!" አለ ዳኛው። "በኋላዋም ቢሆን ሄደች እኮ!"

"አንተው በኋላህ ሂድ!"

እንዲህ ስንባባል ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። አያ አድማሴ ዳኛ ሆነው ተሰየሙ። ሙግት ካልሰሙ ምሳ የማይወርድላቸው ሰው ናቸው። ገና ከመቀመጣቸው፣ "ነገሩ የሚነካት ራሷ ሳትቀርብ አይታይም" ብለው ማኪናዋን ሙግት ከሚታይበት ከደጃችን ወይራ ሥር አስገፍተው አስቀረቧት። ፊቷን ወደ ቤታችን አድርጋ ቆመች።

"ዋስ ትጥራ" አሉ አያ አድማሴ።

"ማን? ማኪናዋ?" አለ ዳኛው።

"እናንተ ዋስ ስትጠሩ እሷ በምን ትቀራለች? ብትጠፋስ?"

ኸሊል ተነሣ። "ወደ ፊት እንዳትሸሽ እኔ ዋሷ ነኝ። ወደ ኋላ ከሸሸች ግን የለሁበትም።"

"ሸጋ" አሉ አያ አድማሴ፤ ከኋላ ጎማዋም ሥር ድንጋይ ተደረገ።

ከሳሽ እኔ ነኝና ነጠላዬን አጣፍቼ ቀደምኩ። "ሙሽራ ጀርባዋን ሰጥታ ነው ከአማቶቿ ደጅ የምትደርስ? ማክሰኝት ምን ይለናል? ሳትገባ ልትወጣ ነው አይሉም ወይ? ይፈታ!"

"መሐላዬ በማኪና ይላል እንጂ በፊት ለፊት አይልም" አለ ዳኛው። "ለጀርባዋ ሚዜ አለ፣ ሲደርሱ አውርዶ ያዞራታል። አይፈታ!"

ሸዋአየሁም ይፈታ ባይ ሆና ገባች። የእሷ ነገር በርበሬው ነው። አባ ወልደኢየሱስ ደግሞ ለእኔ ረዱ። "ሙሽራ ከወላጆቿ ደጅ ከወጣች ዞራ ማየት ነውር ነው፣ ከጥንት የመጣ ነው" አሉ። "ይቺ ማኪና ግን ልጂቱን እስከ ማክሰኝት ድረስ የወላጆቿን ቤት እያሳየች ነው የምትወስዳት።"

"እሰይ አባቴ!" አልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

አያ አድማሴ ጺማቸውን አሻሹ። "ነውሩ መዞሩ ነው ወይስ ማየቱ?" ብለው ጠየቁ። በዚህ ላይ ብዙ ተባለ። ምሳ ተበልቶ እንደገና ተባለ። በመጨረሻ፣ "ልጂቱ ትቀመጥበትና በዓይናችን እንየው። ከዞረች ይፈታል፣ ካልዞረች አይፈታም" አሉ።

ታየች መጣች። ሳቋን በነጠላዋ አፍና ከኋላው ወንበር ተቀመጠች። ኸሊል ድንጋዩን አነሣ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጠመዘዘ፣ ቀስ አድርጎ ነዳት።

ልጄ ሄደች። እየራቀችኝ ነው፣ ፊቷ ግን ወደ እኔ ነው። አልዞረችም። ምን ያዞራታል? ፊት ለፊቷ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳቋ ሲጠፋ አየሁት። ቀጥሎ ዓይኗ እንባ ሲያቀር አየሁት። እስከ መታጠፊያው ድረስ ዓይን ለዓይን እንደተያየን ነው የሄደች።

እኔ ስዳር በበቅሎ፣ ካባ ተከናንቤ፣ ከሚዜ ጀርባ ተለጥፌ ነው የወጣሁት። "እንዳትዞሪ" ተባልኩ። እናቴ ከኋላዬ "እናኑ፣ እናኑዬ" ስትል እሰማታለሁ፤ አልዞርኩም። መልሱ ክረምቱ ይውጣና ይሁን ተባለ። ክረምቱም ወጣ፤ በኅዳር የገባው በሽታ ግን እናቴን ቀድሞኝ ወሰዳት። እስከ ዛሬ ፊቷን ላስታውስ ስል ድምፅዋ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

ለካ ይህን ሳስብ ጮኼ አልቅሻለሁ። ዳኛው ደነገጠ። እኔ ስሳደብ ምንም አይመስለውም፣ ሳለቅስ ግን መቆሚያ ያጣል። "ተሸነፍኩ!" አለ እየተንተባተበ። "ለእናኑ ስል ተሸነፍኩ፣ ይፈታ!"

"አይፈታም!" አልኩ እኔ።

"ምነው ሴትዮ፣ ይፈታ እያልኩሽ!"

"አይፈታም አልኩህ! ይህን ካምቢዮ የሚነካ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል!"

አያ አድማሴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "ስንት ሙግት አይቻለሁ፤ ባልና ሚስት በአንድ ችሎት ነገር ሲለዋወጡ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ!" ብለው ተቆጡ። ነገሩን ዋስ ከመጥራቱ እንደ አዲስ እንጀምረው ሲሉ ሰው ሁሉ ጫማውን ፈልጎ ተበተነ።

በቅበላው እሑድ ታየች ወጣች። ሸዋአየሁ አጥሯን ከነጭራሹ አንሥታ፣ በርበሬዋን ጣራ ላይ ሰቅላ ጠበቀች። ማኪናዋ ቄጤማ ተደርጎላት፣ ሚዜዎቹ መንገድ ለማስለቀቅ ከፊት እንሩጥ ከኋላ እያሉ ሲጣሉ፣ እኔ ወደ ኸሊል ጆሮ ጠጋ አልኩ።

"ማክሰኝት እንደደረስክ ፍታው" አልኩት። "ለመልስ ስትመጣ በፊት ለፊት ይዘሃት ና። ስትመጣም ፊቷን ነው ማየት የምፈልግ።"

"እሺ፣ እትዬ እናኑ" አለ አንገቱን እያሸ።

ከደጃችን መንገዱ እስከ ታች ወንዙ ድረስ ይታያል። እስከ ወንዙ አየኋት፣ እስከ ወንዙ አየችኝ። በመንገዱ ካለችው ከፀዳ መንደር የቆመው ሰው ትምጣ ትሂድ አልለይ ብሎት፣ ግማሹ "እንኳን ደህና መጣችሁ"፣ ግማሹ "በሰላም ግቡ" ሲል ዋለ አሉ። ኸሊል ማክሰኝት ከደረሰ በኋላም አንገቱ አልመለስ ብሎት ሲያወሩት በጎን እያየ ነበር የሚመልስ።

ፋሲካ አለፈ፣ ዕቃውም ከአሥመራ መጣ። ለመልስ የሚመጡ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ተቀምጬ ስጠብቅ፣ ያቺ አረንጓዴ ነገር ከወንዙ ብቅ አለች። በፊት ለፊት! የታየች ፊት መጀመሪያ እንደ ነጥብ ነበር፤ እየቀረበ፣ እየሰፋ፣ እየሳቀ መጣ። ማኪናዋ ሳትቆም ዘላ ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አይ ደስታ! ያን ቀን ዳኛውን አንድ ጊዜ እንኳ አልሰደብኩትም።

በላን፣ ጠጣን፣ ሰነበቱ። የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ዳኛው ደረቱን ነፍቶ፣ "በል ኸሊል፣ እንደ ልማዷ በኋላዋ አውጣት፤ እናቷ ፊቷን እያየች ትሸኛት" አለ።

ኸሊል መሬት መሬት አየ። "ወደ ኋላ የሚባል ከእንግዲህ የለም" አለና እጁን ኪሱ ከተተ። አሁን ባለጥርሶቹ ብረቶች ሁለት ሆነዋል።

"ታዲያ ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልትሄድ ነው?" አልኩ።

"ግድ የለም፣ በበቅሎ እንሄዳለን" አለ ማሩ የዋሁ።

"ቆይ!" አልኩ። "መሐላው ምን ይላል? ከዚህ ደጅ በዚህች ማኪና ካልሆነ በሌላ በምንም አትወጣም ነው የሚል። ለሰርጉ ዕለት ብቻ ይላል? አይልም!"

ለምርቃት የተጠሩት አያ አድማሴ ዓይናቸው በራ፤ ማንም ሳይነግራቸው በትራቸውን ይዘው ወደ ወይራው ማዝገም ጀምረዋል።

"ፍታው፣ ኸሊል።"

"ዕቃው ከአሥመራ እስኪመጣ እኮ ክረምት ይገባል፣ እትዬ እናኑ።"

"ይግባ" አልኩትና የታየችን ጓዝ ከማኪናዋ ላይ እኔው ራሴ አወረድኩ።