ሰባተኛው ስልክ

አልታየች ይሉኛል። ስም አወጣጥ ማለት ይሄ ነው! ጎረቤላ ላይ እኔን ያላየ፣ ይልቁንም ድምፄን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ የስልክ አገናኝ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መስመር እኔ ቢሮ ይገባል፤ ከእኔ ደግሞ አንድ ገመድ ከእንጨት እንጨት እየተሻገረ መንደሩን ይዞራል። ስልኮቹ ሁሉ በዚያ በአንድ ገመድ ላይ ነበሩ። ሁለት ሰው ሲያወራ ሦስተኛው ቢያነሣ ይሰማል። ነውር ነው፤ ግን ማን ይተዋል? እኔ ግን አውቅባቸው ነበር። አንድ ጆሮ በተጨመረ ቁጥር ድምፁ ይሳሳል፣ ብዙ ሰው እንደሚቀዳው ምንጭ።

በወረቀት ስድስት ስልክ ነበረን፦ ፖሊስ ጣቢያው፣ ክሊኒኩ፣ ገበሬ ማኅበሩ፣ አስተዳደሩ፣ የእህል መጋዘኑና የዓወል ሱቅ። በገመዱ ላይ ግን ሰባት ነበር።

ሰባተኛው የእማማ ወለተሐና ነው። ባላቸው ግራዝማች በንጉሡ ጊዜ ያስገቡት ስልክ። ግራዝማች ሞቱ፣ የመሬት አዋጁ ታወጀ፣ "የባላባት ስልክ ይነሣ" ተባለ፤ ተነሥቷል ተብሎም ተጻፈ። ማን ወጥቶ ያንሣው! በዚያ ጉም ያንን አቀበት ወጥቶ ገመድ የሚፈታ ጠፋ። ስልኩ እዚያው ግድግዳው ላይ ቀረ፣ ነፍሱም ሳትወጣ።

እኔም አላውቅም ነበር፣ ልጃቸው ወልደተንሣኤ እስኪመጣ ድረስ። ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበር፤ ቀይ ሽብር ሲፋፋም ስሙ ተጠራ። ጓደኞቹ ሲታፈሱ እሱ አምልጦ እናቱ ቤት ከጎተራው ኋላ ተደበቀ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ፖሊስ ጣቢያው ከደብረ ብርሃን ጋር ባወራ ቁጥር ድምፁ ይሳሳብኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ በመሀል አንዲት ሴት "እግዚኦ" ስትል ሰማሁ፣ በቀስታ። ያቺን ድምፅ ማን ያጣታል? ክርስትና ያነሡኝ እሳቸው ናቸው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ሄድኩ። የስልኩን ደወል በጨርቅ ጠቅልለው እንዳይጮህ አድርገውታል፤ ወንበራቸውም ከሥሩ ነው።

"እማማ፣ ይሄን ነገር ረሺድ ይቁረጠው" አልኳቸው። ረሺድ የመስመር ሠራተኛችን ነው፤ የአሊዩ አምባ ልጅ፣ ከሰው ሁሉ የማምነው። "አፉን አይከፍትም። ከተገኘ ግን ሁላችሁም ታልቃላችሁ።"

"አልታዬ፣ ዓይኔ ከፈዘዘ ቆየ። ጆሮዬ ይሄ ነው። ሊፈትሹ ሲነጋገሩ ሰምቼ ሁለት ጊዜ ወደ ገደሉ አስወርጄዋለሁ። ይሄን ቆርጣችሁ ልጄን በምን ልጠብቀው?"

እጃቸውን ያዝኩ። "እንግዲያው ይማሉልኝ። ከቶ ትንፍሽ እንዳይሉ።"

"ዝም ማለትን እኔን ታስተምሪኛለሽ? ከግራዝማች ጋር ያን ሁሉ ዘመን ኖሬ!" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሳቀ ሰው መኖሩን እንጃ።

ሰኔ ሲገባ ቆጣሪ መጣ። በአውራጃው ያለ ስልክ ሁሉ ይቆጠር፣ ያልተመዘገበ ስልክ የተገኘበት ቤት የፀረ አብዮተኛ ቤት ነው ተባለ። የመጣው ካድሬ ስሙ ገብረመንፈስቅዱስ ነው፤ ጓድ ገብረመንፈስቅዱስ! እስቲ አሁን ይሄ ስም ከ"ጓድ" ጋር ምን አገናኘው? ሲጠሩት ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ ሳቁንም ፍርሃቱንም ለመደበቅ። ገና ወጣት ነው፤ በስስ ካኪ መጥቶ የጎረቤላ ጉም በመጀመሪያው ቀን በጉንፋን ጣለው። አፍንጫው ቀልቶ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ሽጉጡን ግን አይፈታም።

አሠራሩ ጥንቁቅ ነበር፣ ይድፋውና! መጀመሪያ ረሺድን አስከትሎ ገመዱን በእግሩ ተከተለው። እያንዳንዱ እንጨት ሥር ይቆማል፤ ቅርንጫፍ ባየበት እስከ ቤቱ ይሄዳል፤ ስልኩን አይቶ ይመዘግባል። የእማማ ወለተሐና ቤት በጽድ ዛፎች መሀል ነው፤ እዚያ ሲደርሱ አንዲት ቀጭን ሽቦ ወደ ዛፎቹ ስትገባ አየ። ረሺድ ኋላ የነገረኝ ነው፦

"ይቺስ?"

"የሞተ ገመድ ነው ጓድ። ከባላባቶቹ ጊዜ የቀረ ነው፣ ስልኩ ተነሥቷል። አሁን ልብስ ያሰጡበታል።"

ዝናቡ ጀመረ። ካድሬው ወደ ዛፎቹ አየ፣ ጭቃውን አየ፣ አስነጠሰውና ተመለሰ።

ተገላገልን ስል ሰውየው ቢሮዬ ገብቶ ወንበሬን ሳበና ተቀመጠ። አንድ ጠብመንጃ የያዘ ዘብ በሩ ላይ ቆመ።

"ጓዲት አልታየች፣ ገመድ በዓይን ብቻ አይቆጠርም። ሁሉንም በአንዴ ጥሪልኝ።"

ጠራሁ። ስድስቱም አነሡ። ድምፁ ሳሳ፤ ከስድስትም በላይ ሳሳ። እማማ ስልኩ ሥር ተቀምጠዋል። እንዴት አይቀመጡ? ካድሬ መጥቷል ሲባል ሰምተው ከዚያ ወንበር የሚነሡ እናት ናቸው? በልቤ "ይዝጉት እማማ፣ በእመብርሃን ይዝጉት" እላለሁ።

ካድሬው በየተራ ይጠራል። "ፖሊስ ጣቢያ!" "አቤት ጓድ!" "ዝጋ።" "ክሊኒክ!" "አቤት!" "ዝጋ።" እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ዓወል ሱቅ ደረሰ። ያም ዘጋ። አሁን በመስመሩ ላይ ማንም መኖር የለበትም። ለካ የፈለገው ይሄንን ነው! መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ጀመር።

በእኔ ጆሮ ላይ ማዳመጫዬ አለ። የእማማን ትንፋሽ እሰማዋለሁ። ሲር ሲር የሚል የአሮጊት ትንፋሽ። እሱ ግን ጉንፋኑ ጆሮውን ደፍኖታል፤ ምንም አልሰማም። ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ዓይኑን ገለጠ።

"ስድስት" አለ። "ደህና። ጨርሰናል።"

ተመስገን! መነጋገሪያውን ከጆሮው ሊያወርድ ሲል ፊቱ ተጨማደደ፣ አፉ ተከፈተ፣ ቢሮውን የሚያናውጥ ማስነጠስ አስነጠሰው።

እኔ ይማርህ አላልኩትም። ዘቡም ፈርቶ ዝም አለ።

"ይማርህ ልጄ" አለ ስልኩ።

ሰውየውም እንደ ማንኛውም የእናት ልጅ፣ አፍንጫውን በእጀታው እየጠረገ፣ "ያኑርዎ እማማ" አለ።

ከዚያ ቀጥ አለ። እኔን አየኝ። ለአንድ አፍታ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ፣ የሰበረውን ዕቃ እንደሚያይ ሕፃን። አዘነ ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ አዝኖም ያው ነው።

"መስመር ተቀላቅሎ ነው ጓድ" አልኩ። "የመዘዞ መስመር ይሆናል፣ አንዳንዴ እንዲህ..."

"የሞተው ገመድ" አለ። አልጮኸም። ዘቡን በአገጩ ወደ ውጭ ጠቆመው።

መነጋገሪያውን ከእጁ ነጥቄ "እማማ! እማማ ያውጡት!" አልኩ። ድምፄ ወፍሮ፣ ጠርቶ ለራሴው ተመለሰልኝ። ዘግተውታል። ያፈተለከው ቃል አስደንግጧቸው ጆሮአቸውን ሰቅለውታል። ደወሉን ባሽከረክርም በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዘቡ ከበሩ ተመልሶ በሰደፍ መትቶ ጣለኝ።

ወልደተንሣኤን በቀትር አወጡት፤ በቢሮዬ መስኮት ሥር ነው ያለፈው። የእናቱን ነጠላ ለብሷል፤ ሴት መስሎ ወደ ገደሉ ሊወርድ ሲል ደርሰውበታል። ረሺድን ከእሱ ጋር አስረው ወሰዱት፤ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ፣ ግን ጣቶቹ አይታጠፉም፤ እንጨት ላይ ዳግመኛ አልወጣም። እኔን ግን ስልኩን ማን ያገናኝ ብለው በዱላና በማስጠንቀቂያ ተዉኝ። ወልደተንሣኤን ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር አስተኝተውት ሰው ሁሉ እያየው አለፈ። ማልቀስ ክልክል ነው ተባለ።

ካድሬው ከመሄዱ በፊት መዝገቡን አስተካከለ። "ሰባት" ብሎ ጻፈ። ሥራው ንጹሕ ነበር።

ድንኳን አይተከል፣ ለቅሶ አይደረስ። እንቁላል የምገዛ መስዬ ዘንቢል አንጠልጥዬ ሄድኩ። እማማ ያው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ስልኩ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ነጭ ቦታ ቀርቷል፤ ጨርቁ መሬት ወድቋል። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

"ምነው ዝም ባሉ፣ ትይኛለሽ" አሉ።

"ኧረ እማማ፣ ምን በወጣኝ!"

"ሰው አስነጥሶ እንዴት ዝም ይባላል፣ አልታዬ? የሰው ልጅ ነው እኮ። ድምፁም ልጅ ነው።" ጨርቁን ከመሬት ዳብሰው አነሡ። "እሱም እኮ መልሶልኛል። ያኑርዎ አለኝ።"

ወደ ጎተራው ዞር አሉ።

"ይኸው፣ አኖረኝ" አሉ።