የጠራው ጠርሙስ

ህይወት በሩን ስትከፍት አጎቷ ጋሼ ይርሳው የመጨረሻውን ጉንጭ እየዋጠ ነበር። ባዶውን የሃይላንድ ጠርሙስ ከአፉ ነጥሎ ፊቱን አጨማደደ።

«በስመ አብ! ይኼስ ኃይለኛ ነው!»

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የጠጡት?»

«ጠበሉን ነዋ! እናትሽ ናት የሰጠችኝ። ሆዴን ሲነፋኝ መክረሙን ታውቂ የለ?»

ህይወት ወደ መስኮቱ ዞረች። እዚያ ያስቀመጠቻቸው ሁለት ጠርሙሶች አንድ ሆነዋል። እናቷ እህተ ማርያም ከማርያም ሥዕል ሥር ቆማ ፊቷ ያበራል።

«ልጄ፣ ሁለቱም እንደ ጎመን አረንጓዴ አልነበሩም? ዛሬ ጠዋት ስነሣ አንዱ ኩልል ብሎ ጠርቶ አገኘሁት። ጓደኛው እንደነበረ ነው። ማንም ሳይነካው! እልል ብዬ ከጠበሉ ጎን አኖርኩት።»

ጉድ ፈላ። ህይወት ክረምቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ መጥራት ነበር። በጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ የሰጣት፣ በዓይን ሳይታይ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርግ የባሕር አልጌ ነው። የአክስቷ ልጅ ተስፋው በጭነት መኪናው ከጅቡቲ የባሕር ውሃ በጀሪካን አመጣላት። እሷም ባክቴሪያ እንኳ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥርታ ለአንዱ ጠርሙስ ብቻ ጨመረችለት። ውሃው ውስጥ ማጣሪያውን የሚያልፍ፣ አልጌ የሚገድል ቫይረስ ካለ ያ ጠርሙስ ይጠራል፣ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ጠራላት። ሁለቱን ባሕር ዳር ወስዳ ለአማካሪዋ ካላሳየች ትምህርቷ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ማስረጃው ግን ጋሼ ይርሳው ሆድ ውስጥ ገብቷል።

ያውም የማን ሆድ! ይርሳው ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ሳይል አይነሣም። እሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ስብሰባ ላይ፣ እሷው ፊት፣ «ባሕር በሌለው አገር የባሕር አረም ታመመ ብላ ታስታምማለች! ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ!» ብሎ አስቆባታል። እሱ ሲስቅ ያልሳቀ ኪራይ ሰብሳቢ ነውና አዳራሹ ሁሉ ሳቀ።

«ጠበል አይደለም፣ ጋሼ። የባሕር ውሃ ነው፤ በቫይረስ የታመመ አልጌ ያለበት።»

ይርሳው አመድ መሰለ። «ቫይረስ? ቫይረስ ነው ያጠጣችሁኝ?»

«ቫይረሱ ሰው አይነካም። የሚያስቸግርዎት ጨው…»

አላስጨረሳትም። ቀበቶውን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ። ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተበታተኑ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች እናቷ በቀስታ።

«አንቺማ ያየሽውን አየሽ፣ እማዬ። መጥራቱን እኮ ከእኔ ቀድመሽ ያየሽው አንቺ ነሽ።»

ይርሳው ላቡን እየጠረገ፣ ሱሪውን እያስተካከለ ተመለሰ። ፊቱ ፈክቷል።

«ወጣልኝ! ስንት ዓመት የተቀመጠብኝ ወጣልኝ! ጨው ነው ትላለች ደግሞ! ጨውማ በየወጡ ስበላው የኖርኩት ነው!»

ህይወት ናቀችው። ከልቧ፣ ቅንጣት ሳታዝንለት ናቀችው። እውነቱን ብትነግረው ያስቅባታል፤ ጨው ሲያስቀምጠው ተአምር ይላል። ይኼ ነው እንግዲህ አገር የሚመራው!

«ሌላ የለም?» አለ ይርሳው። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ያለችው ብልቃጥ ላይ አረፈ። ከተጣራው የባሕር ውሃ የቀረው በውስጧ ያለው ብቻ ነበር። «እሷን ስጪኝ። ትምህርትሽ እንደሆነ ባሕር ዳር እደውላለሁ። አንድ ቃል ይበቃል፤ አምጥተሽ አሳዪ የሚልሽ የለም።»

ህይወት ብልቃጧን አነሣች። ይርሳው እጁን ዘረጋ።

አልሰጠችውም። በፈላ ውሃ የታጠበ ባዶ ጠርሙስ አምጥታ የተረፈውን አረንጓዴ ውሃ ለሁለት ከፈለችው። ከዚያ ብልቃጧን እስከ መጨረሻ ጠብታዋ አንደኛው ላይ ገለበጠቻት።

«ምን ሆነሻል አንቺ! ለአረም አጠጣሽው?»

«ውሃዬን እየወቀጥኩ ነው፣ ጋሼ።»

«እደውላለሁ እያልኩሽ!»

«አይደውሉ። ለአማካሪዬ የሆነውን ነግሬ፣ ቀን እንዲጨምርልኝ ራሴ እለምነዋለሁ።»

ይርሳው እያጉረመረመ ወጣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ሆዱን ይዞ እንደገና ወደ ጓሮ ታጠፈ። ህይወት ዘወር ብላም አላየችው። ሁለቱን ጠርሙሶች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን አቆመችና እናቷን ጠራቻት።

«እማዬ፣ ይኼኛው ከጠራ እልል በዪ። ግን እንዳትነኪው።»